ሁሉም ሐሳብ ጠላት ነው እንዴ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ባንክ ውስጥ የምሠራ የ31 ዓመት ሴት ነኝ። ከሥራ በኋላ ሰፈራችን ያለ ጂም ገብቼ ዮጋ ጀምሬያለሁ። ሰውነቴን በጣም ጠቅሞኛል። መጨረሻ ላይ ጋደም ብለን አስተማሪዋ «አሁን ምንም አታስቡ፣ አእምሯችሁን ባዶ አድርጉት» ስትል ግን ጉዴ ይፈላል። ጭራሽ ያኔ ነው ሐሳቡ የሚጎርፈው። በቅርቡ ሒሳብ ስንዘጋ አንድ ቁጥር አሳስቼ ኃላፊዬ ሰው ሁሉ ፊት «ይሄን እንኳን መሥራት ያቅትሽ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ይሄው ቃል ይመላለስብኛል። አንዳንዴ ደግሞ ምን ብዬ አፏን እንደማስይዛት አስባለሁ፤ እሱ እንኳን ደስ ይላል። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ደግሞ ዮጋ ትክክለኛ እውቀትንም ትዝታንም አቁሙ ይላል የሚል ነገር አየሁና ግራ ገባኝ። ጥሩውም መጥፎውም ሐሳብ እኩል ነው ማለት ነው? ማቆም ካልቻልኩስ ዮጋው አልሆነልኝም ማለት ነው?
ትዕግሥቷ ያለቀ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ «እሱ እንኳን ደስ ይላል» ያልሽውን ስላልደበቅሽኝ አመሰግናለሁ። ለመልሱ የሚያስፈልገኝ እሱ ነው። ግን ቆይ፣ ወደዚያ እመጣለሁ።

በጂሟ አስተማሪ አልፈርድም። ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ሌላ ምን ትበል? ዮጋ የአእምሮ ነገር ነው ስንል ግን የምንጠቅሰው ዋናው ጽሑፍ የጥንቱ የሕንድ ሊቅ የፓታንጃሊ ዮጋ ሱትራ ነው። ብዙ ምሁራን እ.ኤ.አ. ወደ 400 ገደማ የተጻፈ ያደርጉታል። 4 ምዕራፍ አለው፤ ሁሉም ተደምሮ 195 አጫጭር ዓረፍተ ነገር ነው፣ በአንዳንድ እትም 196። ስለ ሰውነት አቀማመጥ በቀጥታ የሚያብራሩት ከእነዚህ ውስጥ 3 ብቻ ናቸው። አዎ፣ 3። ያ ሁሉ መገለባበጥና መተጣጠፍ በአብዛኛው ከሌላ ቦታ፣ ከኋላ ዘመን የመጣ ነው። የፓታንጃሊ ጭንቀት አእምሮ ነው።

ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር «ዮጋ የአእምሮ እንቅስቃሴዎች መገታት ነው» ትላለች። ሰው ሁሉ እሷን ይይዝና መጽሐፉን ይዘጋል። ጥቂት ዝቅ ቢል አምስተኛዋን ያገኝ ነበር። እንቅስቃሴዎቹ አምስት ዓይነት ናቸው፣ የሚጎዱም የማይጎዱም አሉ ትላለች። በሳንስክሪት የሚጎዳው ክሊሽታ፣ የማይጎዳው አክሊሽታ ይባላል። ስለዚህ ጥሩውም መጥፎውም እኩል ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። ሰውየው ገና በአምስተኛው መስመር ለይቶታል።

አምስቱ እነማን ናቸው? ትክክለኛ እውቀት፣ የተሳሳተ እውቀት፣ ከቃል በቀር ምንም የሌለው ምናብ፣ እንቅልፍና ትዝታ። ልብ በይ፣ የመጀመሪያው ጥሩ ነው፣ ሁለተኛው መጥፎ ነው አላለም። ጠቃሚና ጎጂ የሚለው ክፍፍል አምስቱንም የሚያቋርጥ ነው። ይሄ ነገር ለረጅም ጊዜ አልዋጥልህ ብሎኝ ነበር። እስቲ በአንቺው ጉዳይ እንየው።

ቁጥሩ ስህተት ነበር። በዓይንሽ አይተሽዋል፣ ስክሪኑ ላይ አለ። ፓታንጃሊ ትክክለኛ እውቀት የሚገኘው በቀጥታ ከማየት፣ ከምልክት ተነስቶ ከመድረስና ከታመነ ሰው ቃል ነው ይላል። ያንቺ ከመጀመሪያው ነው፤ ክርክር የለውም። በማግሥቱ ጠዋት «ቁጥሩ ስህተት ነበር» ብለሽ ፋይሉን ከፍተሽ ካስተካከልሽው ይሄ እውቀት ጠቀመሽ። ሌሊት አልጋ ላይ ሆነሽ ያንኑ «ቁጥሩ ስህተት ነበር» እንደ አለንጋ ራስሽን ከገረፍሽበት ግን እውነት መሆኑ አላዳነሽም። ትክክለኛ እውቀትም ይጎዳል።

«ቢሮው ሁሉ ይንቀኛል» የሚል ሐሳብም ሳይመጣብሽ አይቀርም። አጣርተሻል? ካላጣራሽ እሱ ከሁለተኛው መደብ ነው። የሱትራው ጥንታዊ ማብራሪያ፣ በቭያሳ ስም የሚታወቀው፣ እዚህ ላይ አንዷን ጨረቃ ሁለት አድርጎ የሚያይ ዓይንን በምሳሌ ያነሳል። ጨረቃዋ አንድ ናት፣ የታመመው ዓይኑ ነው። «ሰኞ የስንብት ደብዳቤ ይሰጡኛል፣ ከዚያ የቤት ኪራይ፣ ከዚያ እማዬ ምን ትላለች» ወደሚለው ከሄድሽ ደግሞ ሦስተኛው ውስጥ ገብተሻል። ደብዳቤ የለም። ያለው ቃል ነው፤ ቃል ቃልን እየጎተተ ይሄዳል።

አሁን ወደዚያች «ደስ ይላል» ልመለስ። ኃላፊሽን አፏን ስታስይዣት፣ በምናብሽ ስብሰባው ጸጥ ሲል፣ አንቺ ቀና ብለሽ ስትወጪ። ደስ ይላል፣ አልክድም። እኔም ስንቱን ሰው ሻወር ውስጥ ረትቻለሁ! በዮጋ መለኪያ ግን ይሄ ከጎጂዎቹ ነው። ምክንያቱም ፓታንጃሊ ሐሳብን የሚለየው በሚሰጠው ስሜት አይደለም። ሥሩን ነው የሚያየው። ሥሮቹም አምስት ናቸው፦ አለማወቅ፣ «እኔ» ባይነት፣ የቀመሱትን ደስታ ደግሞ መፈለግ፣ ያመመን ነገር መጥላት፣ ሕይወትን አጥብቆ መያዝ። አለማወቅ ለቀሩት አራቱ ማሳ ነው ይላል፤ እነሱ የሚበቅሉት እሱ ላይ ነው። አፍ የማስያዟ ድራማ ከነዚህ ውስጥ ስንቱን እንዳጠጣች ቁጠሪ። ጥላቻው አለ። «እኔ» መሃል ላይ ቆሟል። ጣፋጩን ነገ ማታም ትፈልጊዋለሽ።

በተቃራኒው የማያስደስት ግን የማይጎዳ ሐሳብ አለ። «ቁጥሩን ሳላጣራ የላክሁት ቸኩዬ ነው፣ ለባልደረባዬ ይቅርታ ልጠይቃት ይገባል» የሚል ሐሳብ ይቆጠቁጣል። ግን ቋጠሮውን ያላላል እንጂ አያጠብቅም።

ሕንድ አገር ፑኔ ከተማ ተማሪ ሳለሁ የሳንስክሪት ፍልስፍና የሚያስተምሩን አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሻይ በብርጭቆ ይዘው፣ ብርጭቆው እስኪበርድ ያወሩ ነበር። አንዱ ተማሪ ስለ ቤት አከራዩ ሲያማርር ይሰሙታል። ትክክል ነህ ወይም ተሳስተሃል አይሉትም። «ይሄ ሐሳብ ሲሄድ ምን ትቶልህ ይሄዳል?» ይሉታል። ልጁ ይናደድ ነበር፣ እኛ እንስቅ ነበር። ጥያቄው ግን ቀጥታ ከማብራሪያው የመጣ ነው። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ አእምሮ ላይ አሻራ ይተዋል፣ አሻራው ደግሞ የሚመስለውን እንቅስቃሴ መልሶ ያስነሳል። እንቅስቃሴ አሻራን፣ አሻራ እንቅስቃሴን፤ ሌት ተቀን እንደ መንኮራኩር ይዞራል ይላል ቭያሳ። የኃላፊሽ ቃል ማታ ማታ የሚመጣው እሷ ደጋግማ ስለተናገረችው አይደለም። እሷ አንዴ ተናገረች፣ የቀረውን የደገምሽው አንቺ ነሽ። ይሄን የምለው ልወቅስሽ አይደለም፤ የሁላችንም አእምሮ የሚሠራው እንዲሁ ስለሆነ ነው።

«ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ስሆን እኮ ትዝ አይለኝም፣ ለቆኛል» ትዪኝ ይሆናል። ጽሑፉ እዚህ ላይ አይታለልም። እነዚያ ሥሮች አራት ዓይነት ሁኔታ አላቸው ይላል፦ የተኙ፣ የቀጠኑ፣ ለጊዜው የተቋረጡ፣ አፍላ ላይ ያሉ። ለተቋረጠው ቭያሳ የሰጠው ምሳሌ ሁልጊዜ ያስቀኛል። ቻይትራ የሚባል ሰው አንዲትን ሴት ወደደ ማለት ሌሎቹን አይመኝም ማለት አይደለም፤ ለጊዜው ፍላጎቱ እዚህች ጋ ስለዋለ ነው። ያንቺም ቂም ቅዳሜ ዕለት እንደዚያው ነው፤ እረፍት ወጥቷል እንጂ ሥራ አልለቀቀም።

በሌላ በኩል ግን እጅግ የሚያጽናና ነገር አለ። በጎጂ ሐሳቦች ጎርፍ መሃል አንድ የማይጎዳ ሐሳብ ቢወድቅ፣ እሱ የማይጎዳ ሆኖ ይቀራል ይላል ማብራሪያው። አይበከልም። በጎጂዎቹ መካከል ክፍተት አለ፣ በዚያ ክፍተት ጠቃሚው ይገባል። የተገላቢጦሹም አለ፤ በጠቃሚዎቹ ክፍተት ጎጂው ይሾልካል። ስለዚህ ሌሊቱ ተበላሽቷልና ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለው የሚባል ነገር የለም። በ8 ሰዓት ሌሊት የመጣች አንዲት ጤናማ ሐሳብ ጤናማ ናት። ከማብራሪያው አንድ ነገር ምረጥ ብባል ይሄን እመርጣለሁ።

ታዲያ ምን ላድርግ ካልሽ፣ ቭያሳ አእምሮን በሁለት አቅጣጫ የሚፈስ ወንዝ ይለዋል። አንዱ ወደ መልካም፣ አንዱ ወደ ክፉ። ወደ ክፉ የሚሄደው በመተው ይገደባል፣ ወደ መልካም የሚሄደው በልምምድ ይከፈታል። ሁለቱም እጅ ያስፈልጋል። የጂም አስተማሪሽ የነገረችሽ መገደቡን ብቻ ነው። ውኃው የት ይሂድ? ዝም ብሎ ከተገደበማ ያጥለቀልቃል፤ አንቺም የነገርሽኝ ይሄንኑ ነው።

ለማታው ጣጣ በቀጥታ የሚሆነው በሁለተኛው ምዕራፍ ያለው ነው። ክፉ ሐሳብ ሲያስቸግርሽ ተቃራኒውን አሳድጊ ይላል። ተቃራኒውን ማለት «ኃላፊዬ ውብ ናት» እያልሽ ራስሽን አታልዪ ማለት አይደለም። ሐሳቡ የት እንደሚያደርስ አይተሽ ማሰብ ነው፤ መጨረሻው ማለቂያ የሌለው ሥቃይና አለማወቅ ነው ብሎ። ቭያሳ ጠንከር ያለ ንግግር ይጨምራል፦ ይሄን ነገር ትቼ ሳለ ተመልሼ ካነሳሁት ትፋቱን ከሚልስ ውሻ በምን እለያለሁ በል ይላል። መጽሐፈ ምሳሌ 26 ላይ ያለውን ውሻ የምታውቂ ከሆነ ፈገግ ሳትዪ አትቀሪም። ሁለቱም አገር ውሻው ያው ነው።

የምሳ ሰዓቱን ሐሜትም ልንካ፣ ባትጠይቂኝም። ያው ጽሑፍ ጉዳትን ሲተነትን ራስ የሠሩት፣ ሌላውን ያሠሩት፣ ሌላው ሲሠራ ደግ አደረግህ ያሉት ብሎ ሦስት ቦታ ይከፍላል። ከስስት ወይም ከንዴት ወይም ከመደናገር የመነጨ፤ ቀላል ወይም መካከለኛ ወይም ከባድ። ቭያሳ ቀላሉንም መካከለኛውንም ከባዱንም ደግሞ በሦስት በሦስት እየከፈለ ያባዛና 81 ላይ ያደርሰዋል። ባልደረቦችሽ ኃላፊዋን ሲቦጭቁ አንቺ ምንም ሳትናገሪ ብትስቂ፣ ከ81ዱ በአንዱ ገብተሻል። ምሳው ይጣፍጣል፣ ማታ ግን እንቅልፍሽን ይዞ ይመጣል።

እሷንስ ምን ላድርጋት? በመጀመሪያው ምዕራፍ አእምሮን ስለሚያጠሩ አራት አቀባበሎች ተጽፏል። ደስ ላለው ሰው ወዳጅነት፣ ለተቸገረ ርኅራኄ፣ መልካም ለሠራ ደስታ፣ ክፉ ለሠራ ደግሞ ችላ ማለት። አራተኛው ያንቺ ነው። ችላ ማለት ይቅር ብያታለሁ ብሎ ማቀፍ አይደለም፤ አእምሮሽን ለእሷ አለማከራየት ነው። ይሄ ግን ዝም በይ ማለት እንዳይመስልሽ። ደግማ ሰው ፊት ብታዋርድሽ፣ ረጋ ብለሽ ለብቻዋ ንገሪያት፣ ካልሆነም በጽሑፍ ለሚመለከተው ክፍል አቅርቢ። እሱ ከአምስቱ ሥሮች ሳይነሳ ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው።

ዛሬ ማታ ቃሉ ሲመጣ አትታገዪው። «ይሄ ትዝታ ነው» በዪ። ቀጥሎ ደብዳቤው ሲመጣ «ይሄ ደግሞ ቃል ብቻ ነው»። አፍ ማስያዙ ሲመጣ «ይሄ ምን ትቶልኝ ይሄዳል»። ከዚያ ትንፋሽሽን ቀስ ብለሽ አስወጪና ጥቂት ቆም በዪ፤ እሱም በመጀመሪያው ምዕራፍ አማራጭ ሆኖ የተጻፈ ነው። እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት ከቆየ ግን ሐኪም ጋ ሂጂ። ሱትራ ለሁሉም መድኃኒት አይደለም።

ያነበብሽው ነገርም ውሸት አይደለም። ፓታንጃሊ መጨረሻ ላይ ጠቃሚዎቹም ጭምር ጸጥ ይላሉ ይላል። ግን ያ ጎጂዎቹ በጠቃሚዎቹ ከተገፉ በኋላ ያለ፣ የመንገዱ ጫፍ ነው። ለማክሰኞ ማታ ችግር አይታዘዝም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ለወገቤ ሕመም የሚያክመኝ ባለሙያ የዮጋ እንቅስቃሴ አዘዘልኝና ተሻለኝ። የንስሐ አባቴ ግን ሲሰሙ ፊታቸውን አጠቆሩ። የሐሳብ ትምህርቱ ከእኛ ሃይማኖት ጋር ይጋጫል ወይ?
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ጋሼ፣ ጤናዎ ይጠበቅልዎ። ልዩነቱን ላድበስብስልዎት አልፈልግም። ዮጋ ሱትራ ኢሽቫራ ስለሚለው ይናገራል፤ ከነዚያ አምስት ሥሮች የጠራ ልዩ መንፈስ፣ የጥንት መምህራን መምህር ይለዋል። ፈጣሪ ነው ግን አይልም። የተግባር ፍሬ በሌላ ልደት ይገኛል ብሎ ያምናል። ግቡም መንፈስ ከተፈጥሮ ተለይቶ ብቻውን መቆሙ ነው። ይሄ ሁሉ ከእርስዎ እምነት ጋር አንድ አይደለም።

ሐሳብን መጠበቅ የሚባለው ግን ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ኃጢአት በሐልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር (በሐሳብ፣ በቃል፣ በተግባር) ይሠራል ብለን ነው ያደግነው፤ በሐልዮ መጀመሩን ልብ ይሏል። መጻሕፍተ መነኮሳት፣ ማር ይስሐቅም ፊልክስዩስም አረጋዊ መንፈሳዊም፣ ሐሳብ እንዴት እንደሚገባና እንዴት እንደሚመለስ በሰፊው ይናገራሉ። ከእነሱ በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው ኤቫግሪየስ ክፉ ሐሳቦችን ስምንት አድርጎ ቆጥሯል። የሚለያዩት በምንጩና በረዳቱ ነው። መነኮሳቱ ከሰይጣን ውጊያም ከራስ ምኞትም ይመጣል ይላሉ፣ ጸጋን ይጠራሉ። ፓታንጃሊ ደግሞ ከአለማወቅ ያመጣዋል፣ በልምምድ ያስወጣዋል።

ለንስሐ አባትዎ «ዮጋ እሠራለሁ» ብቻ አይበሏቸው። በጀርባዬ ተኝቼ ጉልበቴን ወደ ደረቴ እስባለሁ፣ ቃል አልደግምም፣ ብለው የሚሠሩትን ያሳዩዋቸው። ከዚያ የሚሉዎትን ይስሙ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዱባይ ሆቴል ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ነኝ፤ የምተኛው ቀን ነው። እንቅልፍን ከአእምሮ እንቅስቃሴዎች አንዱ ነው ሲሉ ሰምቼ ሳቅሁ። ተኝቼ ምን አስባለሁ?
ፈረቃ፣ ከዱባይ

መልስ፦ መሳቁን ሳቅ፣ ብዙ ሰው ይስቃል። ግን ስትነሳ ምን ትላለህ? «ኧረ ዛሬስ ጥሩ ተኛሁ» ወይም «ምን ዓይነት እንቅልፍ ነው» ትላለህ። በምን አወቅህ? ተኝተህ ነበር እኮ። ቭያሳ የሚለው ይሄንን ነው፤ ያላለፈበትን ነገር ማንም አያስታውስም፣ ስለዚህ እንቅልፍም አእምሮ ያለፈበት ነገር ነው። ይዘቱ «ምንም የለም» የሚል ነው፤ እንቅስቃሴ መሆኑ ግን አልቀረም።

ሦስት ዓይነት መነሣትም ይቆጥራል። ደህና ተኛሁ፣ አእምሮዬ ጠርቷል የሚል። ክፉኛ ተኛሁ፣ አእምሮዬ ይባዝናል የሚል። ድብን ብዬ ተኛሁ፣ ግን ሰውነቴ ከብዷል፣ አእምሮዬ የተሰረቀ ያህል ደንዝዟል የሚል። የሌሊት ፈረቃ ሰው ሦስተኛዋን ሳያውቃት አይቀርም።

እንቅልፍም እንደሌሎቹ ይጠቅማል፣ ይጎዳል። አንተ ዘንድ መጋረጃውን አጥቁር፣ ስልኩን ከአልጋ አርቀው፣ ቲክቶኩን ከመተኛትህ በፊት ሳይሆን ስትነሳ እየው። በየትኛው ዓይነት እንደነቃህ ለጥቂት ቀናት ልብ በልና፣ ሦስተኛዋ ከበዛች ጻፍልኝ፤ ስለ ፈረቃ ሠራተኞች እንቅልፍ ሐኪም ጠይቄ አንድ ሙሉ ዓምድ እሰጥሃለሁ።